ከአደጋ ምርመራ በኋላ፦ የቆመ ማሽን እንዴት ይከፈታል?

ሮለር ኮስተር በሐዲድ የሚሄድ ባቡር ነው፤ አብዛኛው ግን የራሱ ሞተር የለውም። ተሳፋሪዎቹን የያዙት ጋሪዎች በሰንሰለት እየተጎተቱ የሐዲዱ ጫፍ ላይ ይወጣሉ፤ እዚያ ሲደርሱ ሰንሰለቱ ይለቃቸዋል። ከዚያ ወዲያ ቁልቁል የሚያምዘገዝጋቸው፣ እንደ ቀለበት የታጠፈውን ሐዲድ ገልብጦ የሚያዞራቸውና ቀጣዩን ዳገት የሚያስወጣቸው ሲወርዱ ያጠራቀሙት ፍጥነት ብቻ ነው።

ከጣርማበር አፋፍ በደብረ ሲና አድርጎ ወደ ሸዋ ሮቢት ጭነት ይዞ የወረደ ሾፌር ይህን ጉልበት በደንብ ያውቀዋል። ነዳጅ ሳይሰጠው መኪናው በራሱ ይፈጥናል። ፍሬኑን ደጋግሞ ከረገጠ ግሎ እምቢ ሊለው ስለሚችል ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ ይዞ ቀስ እያለ ይወርዳል። ሮለር ኮስተር ላይ ግን ማርሽ የሚቀይር ሾፌር የለም። በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና ግዛት የሚገኘው ፊውሪ 325 የተባለው ሮለር ኮስተር 99 ሜትር ከፍታ ካለው ጫፍ ተለቆ በሰዓት 153 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ይህ ማንኛውም ነገር ከዚያ ከፍታ ያለ አንዳች መሰናክል ቢወድቅ ከሚያገኘው ፍጥነት ብዙም አያንስም። ስለዚህ የተሳፋሪው ሕይወት ያለው በሦስት ነገሮች እጅ ነው፦ ብረቱ፣ ባቡሮቹን የሚቆጣጠረው ኮምፒዩተር፣ እንዲሁም ማሽኑን የሚያንቀሳቅሱትና የሚጠግኑት ሰዎች።

ኮምፒዩተሩ የሚሠራበት ደንብ ከምድር ባቡር የተወሰደ ነው። ሐዲዱ በክፍሎች ይከፈላል፤ በእያንዳንዱ ክፍል መጨረሻ ባቡሩን መያዝ የሚችል ፍሬን ወይም ሰንሰለት አለ። ሐዲዱ ላይ የተተከሉት ሴንሰሮች ባቡር መግባቱንና መውጣቱን ይቆጥራሉ። የፊቱ ባቡር ክፍሉን ለቅቆ እስኪወጣ ድረስ የኋለኛው እንዲገባ አይፈቀድለትም። ስለዚህ አንድ ባቡር መንገድ ላይ ቢቆም ከኋላው ያለው ጫፉ ላይ ተይዞ ይጠብቃል። ደንቡ በትክክል ከሠራ ሁለት ባቡሮች ፈጽሞ ሊጋጩ አይችሉም።

እንዲህ ያለ ማሽን ሰው ቢጎዳ ወይም ሊጎዳ ሲል ቢደረስበት ወዲያው ይቆማል። ማቆሙ ቀላል ነው፤ አከራካሪው ነገር የሚመጣው እንደገና ይከፈት ሲባል ነው። በምን ማስረጃ? በማን ፈቃድ? ማንስ ቀድሞ ይሳፈርበታል? ኢትዮጵያ በዚህ ዘመን ከገጠሟት ከባድ ጥያቄዎች አንዱ ይኸው ነበር። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ንብረት የሆነ ቦይንግ 737 ማክስ አውሮፕላን ተከስክሶ የዚያው ዓይነት አውሮፕላኖች በመላው ዓለም ሲታገዱ፣ መልሶ ለማብረር ምን መሟላት እንዳለበት የመወሰኑ ኃላፊነት በከፊል አዲስ አበባ ላይ ወድቆ ነበር። መጫወቻና አውሮፕላን ለየቅል ናቸው፤ ሁለቱም ሰው ሕይወቱን አምኖ የሚሰጣቸው ማሽኖች በመሆናቸው ግን የመዝጊያና የመክፈቻ ሕጋቸው በእጅጉ ይቀራረባል።

ቀላሉ ጉዳይ የተሰበረው ነገር በዓይን ሲታይ ነው። እ.ኤ.አ. ጁን 30 ቀን 2023 ፊውሪ 325 ባለበት ፓርክ ውስጥ የነበረ አንድ ጎብኚ ቀና ብሎ ሲያይ ከሐዲዱ ደጋፊ ምሰሶዎች አንዱ ጫፉ ላይ ተሰንጥቆ ነበር። ባቡሩ በመታጠፊያው ባለፈ ቁጥር የተሰነጠቀው ምሰሶ ከላይኛው ክፍል ተላቆ ወደ ጎን ይንቀሳቀሳል፤ በስንጥቁ መሐል ሰማይ ይታያል። ቪዲዮ ቀርጾ ለፓርኩ አሳወቀ፤ ማሽኑም በዚያው ቀን ተዘጋ። ሰው አልተጎዳም። ከጥቂት ቀናት በፊት በተነሳ ፎቶግራፍ ላይ ስንጥቁ አስቀድሞ እንደነበረ ግን በኋላ ታየ። በየቀኑ ጠዋት ማሽኑን የሚፈትሹት ሠራተኞች ሳያዩት አልፈዋል ማለት ነው።

አምራቹ አዲስ ምሰሶ ሠራ፤ አሮጌው ወርዶ አዲሱ ተተከለ። ማሽኑ የተከፈተው ግን ምሰሶው በመተካቱ ብቻ አልነበረም። ባቡሩ ባዶውን 500 ሙሉ ዙር እንዲሮጥ ተደረገ፤ በየመታጠፊያው የሚፈጠረው ግፊት በመሣሪያ ተለካ፤ የግዛቲቱ የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ባለሙያዎችም መጥተው መረመሩ። ፓርኩ ከዚያ በኋላ ሰው በቀላሉ የማይደርስባቸውን የምሰሶ ጫፎች ካሜራ በተገጠመለት ድሮን መፈተሽ ጀመረ። ከሁሉ የሚበልጠው ማሻሻያ ይህኛው ነው። አዲስ ምሰሶ የሚፈታው የትናንቱን ስንጥቅ ነው፤ ነገ ሌላ ምሰሶ ቢሰነጠቅ የሚደርስበት አዲሱ አፈታተሽ ነው። ሮለር ኮስተሩ ኦገስት 10 ላይ፣ ከስድስት ሳምንት ገደማ በኋላ ተከፈተ።

በእንግሊዝ ስታፎርድሸር፣ አልተን ታወርስ በተባለው የመዝናኛ ፓርክ የደረሰው ከዚህ እጅግ የከፋ ነው። እዚያ አንድም ብረት አልተሰበረም። ስማይለር የሚባለው ሮለር ኮስተር እ.ኤ.አ. በ2013 ሲከፈት ተሳፋሪውን 14 ጊዜ በመገልበጥ የዓለም ክብረ ወሰን ይዞ ነበር። ጁን 2 ቀን 2015 ፓርኩ በሰው ተጨናንቆ ስለነበር በሥራ ላይ ባሉት አራት ባቡሮች ላይ አምስተኛ ተጨመረ። ማሽኑ በብልሽት ቆሞ ስለነበር ሊጠግኑት የመጡት መሐንዲሶች መጨመሩን አላወቁም። ባዶ ባቡር ለሙከራ ለቀቁ፤ ባዶው ባቡር ግን ዙሩን መጨረስ አቅቶት የሐዲዱ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ቀረ። የዚያን ቀን ነፋሱ ብርቱ ነበር። አምራቹ ነፋሱ በሰዓት ከ54 ኪሎ ሜትር ካለፈ ማሽኑ እንዳይሠራ መመሪያ የሰጠ ቢሆንም ንፋሱ አልፎ አልፎ ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ ይደርስ ነበር።

በዚህ መሐል 16 ሰዎች የያዘ ባቡር በሰንሰለቱ ጫፍ ላይ ተይዞ ቆሞ ነበር። ኮምፒዩተሩ ሥራውን በትክክል ሠርቷል፤ ፊት ያለው ክፍል ባዶ አይደለም ብሎ ባቡሩን አስቁሞታል። ከመቆጣጠሪያው ዘንድ የነበሩት ሰዎች ግን ባቡሮቹን ሲቆጥሩ አራት ሆኑላቸው፤ በእነሱ ስሌት ሐዲዱ ላይ የቀረ ባቡር የለም። ስለዚህ ኮምፒዩተሩ ተሳስቷል ብለው ክልከላውን በእጅ አነሱት። ተሳፋሪዎቹ ከፊታቸው የቆመውን ባዶ ባቡር እያዩ ወረዱ። መርማሪዎቹ እንዳሰሉት ግጭቱ 1.5 ቶን የምትመዝን የቤት መኪና በሰዓት 145 ኪሎ ሜትር ገደማ እየበረረች የምትደርስበትን ግጭት ያህል ነበር። ሁሉም ተጎዱ፤ ሁለት ወጣት ሴቶች እግራቸው ተቆረጠ። ተጎጂዎቹ ከመሬት 6 ሜትር ከፍ ብለው በተጋደመ ባቡር ላይ ተጣብቀው ስለነበር ሁሉንም ለማውረድ ከአራት ሰዓት በላይ ፈጅቷል። የነፍስ አድን ሠራተኞች የተጠሩት ራሱ ግጭቱ ከደረሰ 17 ደቂቃ ካለፈ በኋላ ነበር።

ፓርኩን የሚያስተዳድረው ኩባንያ በራሱ ምርመራ የደረሰበት መደምደሚያ አጭር ነው፦ ማሽኑ ደህና ነው፣ የሰው ስህተት ነው። ዓረፍተ ነገሩ ውሸት የለበትም፤ ግን የሚያቆመው ጥያቄው ከሚጀምርበት ቦታ ላይ ነው። የአገሪቱ የጤናና የደህንነት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ከዚያ አልፎ ሄደ። መሐንዲሶቹ ባቡር መጨመሩን ለምን አላወቁም? ክልከላው ሲነሳ መከተል ያለባቸው የተጻፈ ሥርዓት ነበር ወይ? ሥራውን በበላይነት የያዘ አንድ ሰው ነበር ወይ? የአምራቹ የነፋስ መመሪያ በእጃቸው ነበር ወይ? መልሱ ሁሉ ወደ ሠራተኞቹ ሳይሆን ወደ አመራሩ አመለከተ። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 27 ቀን 2016 የስታፎርድ ፍርድ ቤት ኩባንያውን 5 ሚሊዮን ፓውንድ ቀጣ። መሐንዲሶቹ አልተከሰሱም።

ስማይለር የተከፈተው ማርች 19 ቀን 2016፣ ከቅጣቱ ስድስት ወር ቀድሞ ነው። ብዙ ሰው በዚህ ይገረማል፤ ወንጀለኛ የተባለ ኩባንያ ማሽን ፍርዱ ሳያልቅ ሕዝብ እንዴት ያሳፍራል? ነገሩ ሁለት መልክ አለው። አንደኛው የጥፋት ጉዳይ ሲሆን የዳኛ ሥራ ነው፤ ጊዜ ይወስዳል፣ ወደ ኋላ ያያል። ሁለተኛው ማሽኑ ከዛሬ ጀምሮ ሰው ቢያሳፍር ያንኑ አደጋ መልሶ ያደርሳል ወይ የሚለው ነው፤ ይህ የመሐንዲሶችና የተቆጣጣሪዎች ሥራ ነው፣ ወደ ፊት ያያል። ለሁለተኛው መልስ የሚሆን ለውጥ ተደርጓል። ከለውጦቹ ዋነኛው የኮምፒዩተሩን ክልከላ ማንሳት የአንድ መሐንዲስ ውሳኔ መሆኑ መቅረቱ ነው፤ ክልከላ ተነስቶ ማሽኑ እንደገና እንዲነሳ የበላይ ኃላፊ ፈቃድ ያስፈልጋል። ይህ ሥርዓት ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ቢኖር ኖሮ ምናልባት አንድ ሰው ቆም ብሎ ባቡሮቹን እንደገና ይቆጥር ነበር።

ሁሉም ማሽን ግን አይከፈትም። የለንደኑ ባተርሲ ፓርክ ሮለር ኮስተር እ.ኤ.አ. በ1972 አምስት ሕፃናት ከሞቱበት በኋላ ቀርቷል። በካንሳስ የነበረው ቬሩክት የተባለ ረጅም የውኃ መንሸራተቻ አንድ የ10 ዓመት ልጅ ከሞተበት ከ2016 ጀምሮ ተዘግቶ በ2018 ፈርሷል። ምርመራ ማለት ለመክፈቻ የሚደረግ ሥነ ሥርዓት አይደለም፤ ሲጀመር ንድፉ ራሱ ትክክል አልነበረም የሚል መልስ ከወጣ ትክክለኛው እርምጃ ማፍረስ ነው።

ያለ ምርመራ የሚዘጋ ማሽንም አለ፤ ለዚህ የሚጠቀሰው ምሳሌ ከሰሜን ሸዋ ነው። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አንኮበር ላይ በነገሡበት ዘመን ድሜጥሮስ የተባለ ከባሕር ማዶ የመጣ ባለእጅ በአይራራ ወንዝ ላይ በውኃ የሚዞር ወፍጮ ሠራላቸው። እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ መጀመሪያ አንኮበር የነበሩ አውሮፓውያን ተጓዦች እንደጻፉት ወፍጮው እህል ፈጭቷል፤ ካህናቱ ግን የአጋንንት ሥራ ነው ብለው አወገዙት፤ ሥራውን አቆመ። በጽሑፎቹ ውስጥ ወፍጮው ሰው ጎዳ ወይም እህል አበላሸ የሚል ክስ የለም። የቤተ መንግሥቱ ሴቶች በድንጋይ ወፍጮ ላይ ጎንበስ ብለው መፍጨታቸውን ቀጠሉ። ምን እንደተፈራ በግልጽ ያልተነገረለት ማሽን ምን ቢሻሻል እንደሚከፈትም ሊነገር አይችልም፤ የተዘጋው በቃል ስለሆነ የሚፈታውም በማስረጃ አልነበረም። ሣህለ ሥላሴ ለአዲስ የእጅ ሥራ ከፍተኛ ፍቅር የነበራቸው ንጉሥ መሆናቸውን ለሚያውቅ የአይራራው ወፍጮ ዕጣ የሚያሳዝን ነው።

ከዚያ 170 ዓመት በላይ ቆይቶ በኢትዮጵያ የደረሰው ፈተና የዚህ ተቃራኒ መልክ ነበረው። የበረራ ቁጥር 302 ከቦሌ የተነሳው መጋቢት 1 ቀን 2011 ከጠዋቱ 2፡38 ሲሆን መድረሻው ናይሮቢ ነበር። ስድስት ደቂቃ ብቻ በረረ። ከቢሾፍቱ አቅራቢያ፣ ጊምቢቹ ወረዳ ቱሉ ፈራ ከተባለው ቦታ ላይ ተከሰከሰ፤ 149 ተሳፋሪዎችና 8 የበረራ ሠራተኞች፣ በድምሩ 157 ሰዎች ሞቱ። አውሮፕላኑ ከፋብሪካ ከወጣ ገና አራት ወሩ ነበር። ከዚያ በፊት፣ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 29 ቀን 2018 የዚያው ዓይነት አውሮፕላን ኢንዶኔዥያ ውስጥ ባሕር ላይ ወድቆ 189 ሰዎች ሞተዋል። ከኢንዶኔዥያው አደጋ በኋላ አውሮፕላኑ አልቆመም ነበር፤ ለአብራሪዎች ተጨማሪ መመሪያ ብቻ ተላከ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአደጋው በኋላ የቀሩትን አራት ማክሶች ወዲያው አቆመ፤ ቻይናም በማግስቱ አገደች፤ አሜሪካ ያገደችው መጋቢት 4 ቀን ከብዙ አገሮች በኋላ ነው።

ምክንያቱ ኤምካስ የሚባል የኮምፒዩተር ሥርዓት ነበር። ማክስ ከቀድሞው 737 የሚበልጥ ትልቅ ሞተር ስለተገጠመለት አፍንጫው አንዳንዴ ከልክ በላይ ቀና ሊል ይችላል፤ ኤምካስ ይህን ሲያይ የጅራቱን ክንፍ አንቀሳቅሶ አፍንጫውን ወደ ታች ይጫነዋል። ችግሩ የሚያምነው አንድ ሴንሰር ብቻ መሆኑ ነበር። አውሮፕላኑ ላይ ሁለት ሴንሰሮች አሉ፤ አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ። የመጀመሪያው ሪፖርት እንዳሳየው በረራ 302 እንደተነሳ የግራው ሴንሰር አፍንጫው 74.5 ዲግሪ ቀና ብሏል አለ፤ የቀኙ ያሳይ የነበረው 15 ዲግሪ አካባቢ ነው። አንድን አውሮፕላን በ74 ዲግሪ ሽቅብ ማብረር የማይሆን ነገር ነው፤ ኤምካስ ግን የቀኙን ሳይጠይቅ የግራውን አምኖ አፍንጫውን ደጋግሞ ወደ መሬት ጫነ። ሥርዓቱ በአብራሪዎቹ መመሪያ መጽሐፍ ውስጥ መጀመሪያ ላይ ስሙ እንኳ አልነበረም።

አብራሪዎቹ መመሪያው እንደሚለው ለጅራቱ ክንፍ የሚሄደውን ኤሌክትሪክ ዘጉ። ከዚያ በኋላ ክንፉን የሚመልሱት ከጉልበታቸው አጠገብ ያለውን መሪ በእጃቸው በማዞር ነው። አውሮፕላኑ ግን እጅግ ፈጥኖ ስለነበር ጅራቱ ላይ ያለው የአየር ግፊት መሪውን እንዳይዞር አድርጎ ያዘው። ኤሌክትሪኩ ተመልሶ ሲከፈት ኤምካስም አብሮ ተመለሰ፤ ለመጨረሻ ጊዜም ጫነ።

ምርመራውን የመራው በትራንስፖርት ሚኒስቴር ሥር የነበረው የኢትዮጵያ የአውሮፕላን አደጋ ምርመራ ቢሮ ነው። ጥቁር ሣጥኖቹ የተነበቡት ፓሪስ አቅራቢያ በሚገኘው የፈረንሳይ የአደጋ ምርመራ መሥሪያ ቤት ነበር፤ ቅድመ ሪፖርቱ መጋቢት 26 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ የመጨረሻው ሪፖርት ታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ወጣ። ይህ ዓይነቱ ምርመራ የሚመራበት ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት አባሪ 13፣ የምርመራው ዓላማ ጥፋተኛ መፈለግ ሳይሆን ተመሳሳይ አደጋ እንዳይደርስ መከላከል ብቻ ነው ይላል። በተግባር ግን እንደ ስማይለሩ ሁሉ የሰው ስህተት ነው የሚል ድምፅ ቀድሞ ተሰማ። አንዳንድ የአሜሪካ ፖለቲከኞች ሰበቡ የውጭ አገር አብራሪዎች ሥልጠና ነው አሉ። የአሜሪካና የፈረንሳይ መርማሪዎችም የኢትዮጵያ የመጨረሻ ሪፖርት የአብራሪዎቹን አያያዝ በበቂ አልዳሰሰም ሲሉ ተቃውሟቸውን በጽሑፍ አሳውቀዋል፤ የግራውን ሴንሰር ስላበላሸው ነገርም ከኢትዮጵያውያኑ ጋር አልተስማሙም።

ክርክሩ ቢኖርም ማሽኑን ለመመለስ የሚያስፈልገው መልስ ላይ ልዩነት አልነበረም። አብራሪዎቹ ምንም ሳይሳሳቱ ቢሠሩ እንኳ በአንድ የተበላሸ ሴንሰር ቃል የሚጫን አውሮፕላን መብረር የለበትም። የአሜሪካ ምክር ቤት የትራንስፖርት ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2020 ባወጣው ሪፖርት የቦይንግን የንድፍ ጉድለትና የአቪዬሽን ባለሥልጣኑን የላላ ቁጥጥር በዝርዝር ጻፈ፤ አውሮፕላኑን የማረጋገጡ ሥራ በከፊል ለራሱ ለአምራቹ ሠራተኞች ተሰጥቶ ነበር።

ማክስ ሲመለስ የተደረጉት ለውጦች ከዚህ መልስ የወጡ ናቸው። ኤምካስ አሁን ሁለቱንም ሴንሰሮች ያነጻጽራል፤ በመካከላቸው 5.5 ዲግሪ ያህል ልዩነት ካየ ራሱን ይዘጋል። ደጋግሞ መጫን ቀርቷል፤ በአንድ አጋጣሚ የሚሠራው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ አብራሪውም መሪውን ስቦ ሊያሸንፈው ይችላል። አብራሪዎች ወደ ማክስ ከመመለሳቸው በፊት በሲሙሌተር መለማመድ ግዴታ ሆነ፤ ቀድሞ ኮምፒዩተር ላይ የሚነበብ ትምህርት ይበቃል ተብሎ ነበር። እያንዳንዱ የቆመ አውሮፕላን ተሳፋሪ ከመጫኑ በፊት የሴንሰር ፍተሻና ያለ ተሳፋሪ የሚደረግ የማረጋገጫ በረራ እንዲያደርግ ታዘዘ። ይህም የፊውሪ 325ን 500 ባዶ ዙር ይመስላል። የአሜሪካ አቪዬሽን ባለሥልጣን እገዳውን ኖቬምበር 18 ቀን 2020 አነሳ፤ የአውሮፓው ደግሞ ጃንዋሪ 2021።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ያኔ አላበረረም። ማክስን ከሚመልሱት አየር መንገዶች የመጨረሻዎቹ መካከል እንደሚሆን አስቀድሞ ተናግሮ ነበር፤ ቃሉንም ጠበቀ። የመለሰው ጥር 24 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ከአሜሪካው ፈቃድ ከ14 ወር በላይ ዘግይቶ፣ ከአደጋው ሦስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ነው። በመጀመሪያው በረራ ላይ የአየር መንገዱ የቦርድ ሰብሳቢና ኃላፊዎች፣ የቦይንግ ሰዎች፣ የመንግሥት ባለሥልጣናት፣ አምባሳደሮችና ጋዜጠኞች ተሳፈሩ። ይህ ለካሜራ የተደረገ ብቻ አይደለም። ለሌላ ሰው ደህና ነው ብሎ የፈረመ ሰው ቀድሞ ሲሳፈር የፊርማው ክብደት ይታያል፤ ልጁን ወይም እናቱን በዚያ አውሮፕላን ያጣ ሰው ከዚያ ያነሰ ነገር ሊጠየቅ አይገባም። ከሟቾቹ ቤተሰቦች ብዙዎቹ አውሮፕላኑ ፈጽሞ መመለሱን ተቃውመዋል፤ ተቃውሟቸው ተቆጣጣሪዎቹን ምን ያህል እንደጫነ መገመት አያዳግትም። አየር መንገዱ በኖቬምበር 2023 ተጨማሪ 20 ማክሶችን አዝዟል።

መመለስ ግን ጉዳዩን አይዘጋውም። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 5 ቀን 2024 የአላስካ አየር መንገድ ንብረት የሆነ ማክስ 9፣ የማክስ ቤተሰብ ሌላ ዓይነት፣ በአየር ላይ እያለ የበር ቦታ የሚዘጋ ሰሌዳው ተገንጥሎ ወደቀ። ሰው አልሞተም። መርማሪዎች ሰሌዳውን መያዝ የነበረባቸው አራት ብሎኖች እንዳልነበሩ አወቁ፤ ሰሌዳው ፋብሪካ ውስጥ ለሌላ ጥገና ሲከፈት የተወገዱትን ብሎኖች የሚመዘግብ ወረቀት አልተሞላም ነበር። ወረቀት ስለሌለ መልሶ ማሰሩን የሚያረጋግጥ ፍተሻም አልታዘዘም። 171 አውሮፕላኖች ቆመው፣ እያንዳንዱ ሰሌዳ ተፈትሾ በሦስት ሳምንት ገደማ ተመለሱ።

እነዚህ ታሪኮች አንድን የደብረ ብርሃን ነዋሪ በቀጥታ የሚነኩት በሥራ ቦታ ነው። ደብረ ብርሃን ከብርድ ልብስ ፋብሪካው ጀምሮ እስከ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ድረስ ማሽን የበዛባት ከተማ ናት፤ ተሳፋሪ የማይጭን ማሽንም እጅ ይቆርጣል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው የሠራተኞቹን ደህንነትና ጤንነት የሚጠብቅ እርምጃ እንዲወስድ ያስገድዳል፤ ሠራተኛውንም የደህንነት መሣሪያ ከማንሳት፣ ከማበላሸትና ከመነካካት ይከለክላል። የስማይለር መሐንዲሶች የኮምፒዩተሩን ክልከላ ያነሱት ክፉ ስለሆኑ አይደለም፤ ፓርኩ ተጨናንቆ፣ ማሽኑ ቆሞ ባለበት ሰዓት ኮምፒዩተሩ ተሳስቷል ብለው ስላመኑና ማንሳቱ ቀላል ስለነበር ነው። ሥራ በተጣደፈበት ፋብሪካ ውስጥ ሽፋኑን አንስቶ ማሽኑን ማስነሳት የሚፈጥረው ፈተና ከዚያ አይለይም።

ለዚህ ፈተና በዓለም ላይ የተለመደው መከላከያ ቀላል ነው። ማሽን ውስጥ ገብቶ የሚጠግን ሰው የመብራቱን ማብሪያ ዘግቶ የራሱን ቁልፍ ያደርግበታል፤ ስሙን የያዘ ካርድ ያንጠለጥላል፤ ቁልፉን የሚፈታው እሱ ብቻ ነው። ሦስት ሰው ከገባ ሦስት ቁልፍ ይንጠለጠላል። ከአደጋ በኋላ ማሽኑ ሲከፈትም እንዲሁ መዝገብ ያስፈልገዋል፤ ምን እንደተሰበረ፣ ምን እንደተተካ፣ ስንት ጊዜ ባዶውን እንደተፈተነ፣ ለሚሠራበት ሰው ምን እንደተነገረው፣ ማን እንደፈረመ።

መኪና ያለው ሁሉ ዓመታዊ ምርመራ አልፎ ቦሎ መለጠፍን ያውቃል። ቦሎ የሚናገረው ግን መኪናው በምርመራው ቀን ደህና እንደነበረ ነው፤ ከአደጋ በኋላ የሚደረግ ምርመራ ሌላ ነገር ይጠይቃል፣ አደጋውን ያደረሰው ነገር ተገኝቶ መወገዱን። በሆቴሎችና በመናፈሻዎች እየበዙ ባሉት የልጆች መጫወቻዎች ላይም ይኸው ልዩነት ይሠራል። አንድ የሚሽከረከር መጫወቻ ልጅ ጥሎ ተዘግቶ ከቆየ በኋላ በሳምንቱ አዲስ ቀለም ተቀብቶ ሲከፈት ወላጅ የሚጠይቀው ጥያቄ ቀለሙን አይመለከትም። ቀበቶው ለምን ተፈታ? ቀበቶው ሳይታሰር ማሽኑ እንዳይነሳ የሚያደርግ ነገር ተገጥሞለታል ወይ? መጫወቻውን የሚያንቀሳቅሰው ሠራተኛ ማሽኑን የማቆም ሥልጣን አለው ወይ? ለእነዚህ መልስ ያለው ባለቤት ሲጠየቅ መዝገቡን አውጥቶ ያሳያል።